አክሲዮኑ የእኔ፣ ድምፁ የማን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ አክሲዮን የገዙ ጎረቤቶች፣ ዘመዶችና ወዳጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ነው እዚህ የሰበሰብኩት።

አክሲዮን ስገዛ የገዛሁት ምኑን ነው?

ሁለት ነገር አብረው ነው የገዙት። አንደኛው ጥቅሙ ነው። ትርፍ ሲከፋፈል ድርሻዎን ይወስዳሉ። ማኅበሩ ቢፈርስ ዕዳ ተከፍሎ ከሚተርፈው ይካፈላሉ። ሲፈልጉም ይሸጡታል። ሁለተኛው ድምፁ ነው። በጠቅላላ ጉባኤ ላይ የዳይሬክተሮች ቦርድ ይመርጣሉ፣ ኦዲተር ይሾማሉ፣ ሒሳቡን ያጸድቃሉ ወይም አላጸድቅም ይላሉ፣ ካፒታል ይጨመር አይጨመር ብለው ይወስናሉ።

ብዙዎቻችን የምናየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ፒያሳ ቡና ላይ ቁጭ ብለን "ዘንድሮ ስንት በመቶ ከፈለ?" እንባባላለን። "ዘንድሮ ቦርድ ውስጥ ማን ገባ?" የሚል ሰው ግን ብዙም አልሰማሁም። የሚከፈለውን የሚወስኑት ግን እዚያ የገቡት ሰዎች ናቸው።

እንደ እድር አንድ ሰው አንድ ድምፅ አይደለም እንዴ?

አይደለም። በእድር ሀብታሙም ድሃውም እኩል እጁን ያነሳል። በኅብረት ሥራ ማኅበርም እንዲሁ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 እያንዳንዱ አባል የአክሲዮኑ ብዛት ሳይታይ አንድ ድምፅ እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ የሰሊጥ አምራቾች ማኅበር ውስጥ አሥር እጣ የገዛውም አንድ እጣ የገዛውም በድምፅ እኩል ናቸው።

አክሲዮን ማኅበር ሌላ ነው። ድምፅ የሚቆጠረው በአክሲዮን ነው። መቶ አክሲዮን ያለው መቶ ድምፅ፣ አሥር ሺህ ያለው አሥር ሺህ ድምፅ አለው። ሁለቱም ስማቸው "ማኅበር" ስለሆነ ሰው ያምታታዋል። ከመግዛትዎ በፊት የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ።

ድምፅ ከአክሲዮን ይለያል ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥቅሙ አንድ ሰው ጋ፣ ውሳኔው ሌላ ሰው ጋ ይሆናል ማለት ነው። የገጠሩን የእኩል እርሻ ያስቡት። ባለይዞታዋ አንዲት አቅመ ደካማ እናት ናቸው፣ የሚያርሰው ደግሞ ሌላ ሰው። ጤፍ ይዘራ ሽምብራ ይዘራ ብሎ በአብዛኛው የሚወስነው አራሹ ነው።

አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። ምርቱ ቢጠፋ አራሹም አብሮ ይጎዳል። ድምፅዎን የወሰደ ሰው ግን ማኅበሩ ቢከስር አንዲት ሳንቲም ላያጣ ይችላል። ከታች የምመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ዞረው ዞረው እዚህች ነጥብ ላይ ይመጣሉ።

እኛ ጋ ይህ በብዛት የሚሆነው በምንድን ነው?

በውክልና። ባንኮች የበጀት ዓመታቸውን ሰኔ ላይ ዘግተው ጉባኤ የሚጠሩት በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ቦታው ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ ነው። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የሃያ ሺህ ብር አክሲዮን ያለው ሰው የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጦ፣ አልጋ ይዞ ለግማሽ ቀን ስብሰባ አይሄድም። ስለዚህ ወይ ይተወዋል፣ ወይ ወረቀት ፈርሞ ይልካል።

ለጥቃቅን ባለአክሲዮኖች ርቀቱ ራሱ ድምፅን ከአክሲዮን ይለያል። ይህን እንደ ተራ ነገር ማየት የለብንም። በአገራችን እንደ አማራ ባንክ ያሉ በብዙ ሰው መዋጮ የተመሠረቱ ባንኮች አሉ። ባለድርሻው በየከተማው ተበትኖ ይኖራል። የተበተነ ድምፅ ደግሞ ለሰብሳቢ ይመቻል።

ውክልና መስጠት ታዲያ ስህተት ነው?

በፍጹም። ከመቅረት ይሻላል። ስህተቱ ባዶ ወረቀት ላይ መፈረም ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። እናቴ አዘዞ ነው የምትኖረው። ከዓመታት በፊት አንድ ትሑት ወጣት ቤቷ ድረስ መጥቶ "እማማ፣ እንዳይደክሙ እኛ እንወክልልዎታለን" አላት። የተወካዩ ስም ክፍት የሆነ ቅጽ ላይ ፈረመች። ቡና አፍልታ ነው የሸኘችው። በዚያ ጉባኤ የካፒታል ጭማሪ ጸደቀ፤ የእሷም ድምፅ "ደግፎ" ተቆጠረ። ነባር ባለአክሲዮን አዲሱን አክሲዮን በቅድሚያ የመግዛት መብት ነበረው፣ ግን ቀነ ገደብ ነበረው። እሷ የሰማችው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ድርሻዋ ሳሳ። ሰርቆኛል የምትለው ሰው የለም። ራሷ ፈርማለች። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ውክልና ስሰጥ ምን ምን ልጠንቀቅ?

መጀመሪያ የተወካዩ ስም ተጽፎ ይፈርሙ። የማያውቁት ሰው ከሆነ አይፈርሙ። ቀጥሎ ውክልናው ለዚህ ጉባኤ ብቻ ነው ወይስ ለሁልጊዜ የሚለውን ይዩ። "በማናቸውም ጉባኤ" የሚል ከሆነ ለዓመታት ድምፅዎን አሳልፈው እየሰጡ ነው። እኔ ለአንድ ጉባኤ ብቻ እንዲሆን ነው የምመክረው። በየዓመቱ ቢደክሙም ይደክሙ።

ከዚያ የጉባኤውን አጀንዳ ከጥሪው ማስታወቂያ ላይ አንብበው ለተወካይዎ በእያንዳንዱ ነጥብ ምን እንዲል በጽሑፍ ይንገሩት። "ሦስተኛው ላይ ደግፍ፣ አምስተኛው ላይ ተቃወም" ማለት ይበቃል። ቴሌግራም ላይ ቢልኩለትም ማስረጃ ይሆናል።

አንድ ነገር ላክል። ብዙ ሰው ለልጁ ወይም ለወንድሙ በሰነዶች ማረጋገጫ የሰጠው አጠቃላይ ውክልና ይበቃል ብሎ ያስባል። ከዚያ ልጁ አዳራሹ በር ላይ ይመለሳል። ወረቀቱ በስብሰባ ተገኝቶ ድምፅ መስጠትን በግልጽ መጥቀስ አለበት። ማስታወቂያው "ከጉባኤው በፊት በዚህን ያህል ቀን ቅጽ ይሙሉ" የሚል ከሆነም ያቺ ቀን አታምልጥዎ።

አንዴ ከፈረምኩ በኋላ ሐሳቤን ብቀይርስ?

መሻር ይችላሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወካይ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን እንዲሽር ይፈቅድለታል። ግን ለተወካዩ መንገር ብቻ አይበቃም። ለማኅበሩም ከጉባኤው በፊት በጽሑፍ ያሳውቁ፣ የተቀበሉበትን ማህተም ያለበት ኮፒ ይያዙ። ማኅበሩ ካላወቀ በአሮጌው ወረቀት ማስመረጡ አይቀርም።

የእኔ ሃምሳ አክሲዮን ምን ይለውጣል?

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ማኅበር 100 ሺህ አክሲዮን አለው እንበል። ጉባኤው ላይ በአካልም በውክልናም የተገኘው 60 ሺህ ነው፤ 40 ሺህ ቀረ። አንድ ሰው የራሱ 1 ሺህ ብቻ አለው፣ ግን ከየከተማው የ30 ሺህ አክሲዮን ውክልና ሰብስቧል። 31 ሺህ ድምፅ ያዘ ማለት ነው። ከ60 ሺህ ውስጥ ከግማሽ በላይ ነው። የማኅበሩን 1 በመቶ ብቻ የያዘ ሰው ቦርዱን መርጦ ወጣ።

የእርስዎ ሃምሳ እዚያ 30 ሺህ ውስጥ አለች። የቀረው 40 ሺህም ንጹሕ አይደለም። ባለመምጣቱ የዚያን ሰው ድምፅ አክብዶለታል።

የባንክ ሕግ ይህን ፍርሃት ያውቀዋል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592 አንድ ሰው ከአንድ ባንክ አክሲዮን ከ5 በመቶ በላይ እንዳይዝ ገድቦ ነበር። 2 በመቶና ከዚያ በላይ የያዘውን ደግሞ "ተፅዕኖ ፈጣሪ ባለአክሲዮን" ብሎ ለይቶት ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን አክሲዮንን መገደብ ድምፅን መገደብ አይደለም። ስለዚህ የማኅበርዎን መተዳደሪያ ደንብ ገልጠው አንድ ሰው በውክልና ሊይዝ የሚችለው ድምፅ ጣሪያ ተቀምጦለት እንደሆነ ይፈልጉ። ከሌለው በጉባኤ ላይ ተነስተው ይጠይቁ።

ኢትዮ ቴሌኮም ላይ ያለኝ ድምፅስ?

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበው ከኩባንያው 10 በመቶ ነው። የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። 10 በመቶው ሁሉ አንድ ላይ ቢቆም እንኳ 90 በመቶውን አያሸንፍም። እዚህ ጋ ችግሩ ድምፅ ከአክሲዮን መለየቱ ሳይሆን ብዛቱ ነው። ድምፅዎ ውሳኔ አይገለብጥም፣ ግን ሒሳብ የማየትና የመጠየቅ በር ይከፍታል። ያንን ይጠቀሙበት።

አባታችን አርፏል። አክሲዮኑ በስሙ ነው። ማን ይመርጥ?

ይህ ጥያቄ በጣም ይመጣል። አባትየው ለአንዱ ልጅ ሰጥቶት የነበረው ውክልና በሞቱ ይቀራል። ያንን ወረቀት ይዞ ጉባኤ መሄድ አይገባም፣ ቢያልፍም ነገ ክርክር ያመጣል። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ወስደው ማኅበሩ መዝገብ ላይ ስም ማዞር ነው መንገዱ። ስሙ እስኪዞር ድምፁ ተኝቶ ይቆያል።

ወራሾቹ አራት ከሆኑና አክሲዮኑን በጋራ መያዝ ከፈለጉ ደግሞ አንድ የጋራ ተወካይ መምረጥ አለባቸው። አንድ አክሲዮን ለአራት ተቆርጦ ሩብ ሩብ ድምፅ አይሰጥም።

እናት ትርፉን እየወሰደች ትኑር፣ ባለቤትነቱ የልጆቹ ይሁን ብለው የሚስማሙ ቤተሰቦችም አሉ። በሕግ ቋንቋ የአላባ መብት ይባላል። እንዲህ ሲሆን ድምፁ የማን እንደሆነ ካልተጻፈ ጠብ ይነሳል። የፈረንሳይ ንግድ ሕግ መላ አለው። በመደበኛ ጉባኤ አላባ ተቀባዩ ይመርጣል፣ ደንብ በሚቀየርበት ድንገተኛ ጉባኤ ደግሞ ባለቤቱ ይመርጣል። ትርፍ የሚመለከተውን ትርፍ ለሚወስደው፣ መሠረቱን የሚነካውን መሠረቱን ለያዘው። እኔ ይህ አከፋፈል ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። የ1952ቱን የንግድ ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ዣን ኤስካራና ከእሱ ሞት በኋላ የቀጠለው አልፍሬድ ዦፍሬ ስለነበሩ የፈረንሳይ አስተሳሰብ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከጠበቃ ጋር ተመካክረው ስምምነቱን በጽሑፍ ያድርጉትና ለማኅበሩ ያሳውቁ።

መሥራቾች ከሌላው የበለጠ ድምፅ ያለው አክሲዮን መያዝ ይችላሉ?

በሌላው ዓለም ይይዛሉ። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1956 ለሕዝብ አክሲዮን ሲሸጥ የቤተሰቡ ልዩ አክሲዮን 40 በመቶውን ድምፅ እንዲይዝ ተደርጎ ነው የተዋቀረው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ ለሕዝቡ የሸጠው ባለአንድ ድምፅ፣ መሥራቾቹ ያስቀሩት ባለአሥር ድምፅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ጭራሽ ድምፅ የሌለው ሦስተኛ ዓይነት ጨመረ። የስናፕቻት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሕዝብ የሸጠው ሁሉም ድምፅ አልባ ነበር።

የባለአሥር ድምፅን ጉልበት ለማየት፦ ከ100 አክሲዮን 10ሩን መሥራቹ በአሥር አሥር ድምፅ ቢይዝ 100 ድምፅ አለው። የቀሩት 90 ሰዎች አንድ አንድ ይዘው 90 ናቸው። አንድ አሥረኛ ያዋጣው ሰው ዘጠኝ አሥረኛ ያዋጡትን ያሸንፋል።

በእኛ አገር የ1952ቱ ንግድ ሕግ እዚህ ላይ ቆፍጠን ያለ ነበር። በትርፍ ወይም በንብረት ክፍፍል ቅድሚያ ያለው አክሲዮን ማውጣት ይፈቅዳል፣ የእንዲህ ያለውን አክሲዮን ድምፅም በድንገተኛ ጉባኤ ጉዳዮች ብቻ መወሰን ይቻላል ይላል። በድምፅ ብልጫ ያለው አክሲዮን ማውጣትን ግን ይከለክላል። በአጭሩ፣ ድምፅን መቀነስ ይቻላል፣ ማባዛት አይቻልም። አሁን የሚሠራው በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 ነው። አዲስ ማኅበር ልታቋቁሙ ከሆነ የአክሲዮን ዓይነቶችን ክፍል በዚህኛው ሕግ ላይ ከባለሙያ ጋር አንብቡት።

ድምፅ አልባ አክሲዮን መግዛት ሞኝነት ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። በምትኩ ምን አገኘሁ ብሎ መጠየቅ ነው። ትርፍ ቅድሚያ ከተሰጠዎ፣ ዋጋውም ቀነስ ካለ፣ ጉባኤም መሄድ የማይፈልጉ ከሆነ ያዋጣል። ከባለድምፁ ጋር በአንድ ዋጋ፣ ያለ ምንም ተጨማሪ ጥቅም ከቀረበልዎ ግን ለምን?

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1925 ዶጅ የመኪና ኩባንያን የገዛ የኒውዮርክ ባንክ ድምፅ አልባ አክሲዮን ለሕዝብ ሸጦ ገንዘቡን ሰበሰበ፣ ሥልጣኑን ግን ለራሱ አስቀረ። ዊልያም ሪፕሊ የሚባል የሃርቫርድ ፕሮፌሰር አጥብቆ ጮኸ። በማግሥቱ ዓመት የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ እንዲህ ያለውን አክሲዮን ፊት መንሳት ጀመረ። አንድ ሰው በጊዜው መናገሩ ዋጋ ነበረው።

ድምፄን በገንዘብ ብሸጥስ? አክሲዮኑ እጄ ላይ ይቀራል እኮ።

"አንድ ሺህ ብር ልስጥህና ፈርምልኝ" የሚል ሰው ይመጣል። እዚህ ላይ አልለሳለስም፤ አያድርጉት። የኒውዮርክ ሕግ ባለአክሲዮን ድምፁን በገንዘብ እንዳይሸጥ በግልጽ ይከለክላል። በአሜሪካ የደላዌር ግዛት ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1982 ጉዳዩን ለዘብ አድርጎ፣ እያንዳንዱ ሁኔታ ለብቻው ይታይ ብሏል።

ሕጉን ትተን ልብ እንበል። ድምፅዎን አንድ ሺህ ብር ከፍሎ የሚገዛ ሰው ያንን ገንዘብ ከየት ነው የሚመልሰው? ከማኅበሩ ነው። ማኅበሩ ደግሞ የእርስዎ ነው። የራስዎን ብር ነው ቆርሶ የሚሰጥዎ። ጎረቤትዎ ያልሸጠው ደግሞ አብሮ ይከፍላል።

አንድ ሰው ማኅበሩ ቢከስር የሚጠቀምበት ሆኖ ድምፅ ሊይዝ ይችላል?

ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው፤ መልሱ ይችላል ነው። የሕግ ምሁራኑ ሄንሪ ሁና በርናርድ ብላክ እ.ኤ.አ. በ2006 "ባዶ ድምፅ" የሚል ስም ሰጥተውታል። ድምፁ አለ፣ ከጀርባው ግን የሚጎዳ ኪስ የለም ማለት ነው።

አንዱ መንገድ መበደር ነው። በጉባኤ ድምፅ የሚሰጠው በተወሰነ ቀን መዝገብ ላይ ስሙ የተገኘ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝ ላክሲ የሚባል የኢንቨስትመንት ድርጅት ከብሪቲሽ ላንድ ኩባንያ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ይዞ ሳለ፣ አክሲዮን ተበድሮ ከ9 በመቶ በላይ ድምፅ ይዞ ጉባኤ ቀረበ። ጉባኤው ሲያልቅ የተበደረውን ይመልሳል።

ሌላው ከዚህም የረቀቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ማይላን የተባለ የአሜሪካ መድኃኒት አምራች ኪንግ የሚባለውን ሌላ አምራች በውድ ዋጋ ሊገዛ ተነሳ። ፔሪ የሚባል የኢንቨስትመንት ድርጅት በኪንግ ውስጥ 7 ሚሊዮን አክሲዮን ነበረው፤ ግዢው ከተሳካ ያተርፋል። ስለዚህ የገዢውን የማይላንን 9.9 በመቶ ገዛ። ግን የማይላን ዋጋ ቢወርድ እንዳይጎዳ በሌላ ውል ኪሳራውን ለሦስተኛ ወገን አስተላለፈው። የማይላን ትልቅ ባለድምፅ ሆኖ ሳለ፣ ማይላን በውድ ገዝቶ ቢጎዳ ለእሱ ይሻለው ነበር። ግዢው በ2005 ፈረሰ እንጂ ድምፁ ዝግጁ ነበር።

የእኩል አራሹን ያስታውሱ። ምርቱ ሲጠፋ አብሮ ይራባል ብለናል። ይኼኛው አራሽ ግን በረዶ ቢመታው የሚከፈለው ነው።

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። አክሲዮን በቀላሉ እጅ መለዋወጥ ሲጀምር "በጉባኤው ዕለት መዝገቡ ላይ ያለው ማን ነው፣ በማግሥቱስ?" የሚለው ጥያቄ ለእኛም ይመጣል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ሕግ፣ በአክሲዮን ገበያ የተመዘገበው ኩባንያ ራሱ ካልተቃወመ በስተቀር፣ አክሲዮኑን ለሁለት ዓመት በስሙ አስመዝግቦ የያዘ ሰው እጥፍ ድምፅ ያገኛል። የቆየውን ከአላፊ አግዳሚው መለየታቸው ነው። ለእኛ ይስማማል ወይ የሚለው ያከራክራል፤ መሥራቾችን ብቻ እንዳያጎለብት እሰጋለሁ። እስከዚያው የሚቻለው ቀላል ነገር አለ። በሚቀጥለው ጉባኤ ድምፅ ሲቆጠር ከጠቅላላው ስንቱ በአካል፣ ስንቱ በውክልና እንደሆነ፣ ውክልናውንም እነማን እንደያዙት ተነግሮ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ይጠይቁ። ከጎንደር የሚሄደው ተወካይዎ ይህንኑ ጥያቄ በጽሑፍ ይዞ ይሂድ።